ያንኑ ክኒን የሚውጡ እናት

የተገናኘነው ደብረ ማርቆስ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው አውቶብስ ለምሳ ቆሞ ነበር። ሽሮ አዝዤ ትንሽ እንደበላሁ ከቦርሳዬ የክኒን ብልቃጥ አወጣሁ። ሰው እንዳያይብኝ ከጠረጴዛው ሥር ነበር የከፈትኩት። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት ግን አዩኝ። ምንም አላሉም። ከዘንቢላቸው የራሳቸውን ብልቃጥ አውጥተው ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጡት። ያው ነው።

"ልጄ፣ አንቺንም ደም ነው ያሉሽ?"

የዘጌ ሴት ናቸው። ያኔ ሕመሙ ከተገኘባቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በዚህ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ልጅ ድረዋል፣ ቡናቸውን ለቅመዋል፣ በጀልባ እየተመላለሱ ባሕር ዳር ገበያ ወጥተዋል። እኔ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። ሐኪሙ "ትኖሪያለሽ" ብሎኛል፤ ደጋግሞ ነው የነገረኝ። አላመንኩትም። ዘጠኝ ዓመት ኖረው ፊቴ ቁጭ ብለው ሲጎርሱ ሳያቸው ግን አመንኩ። የቀረውን መንገድ ስናወራ ጨረስነው።

ይኸው እኔም ስድስት ዓመት ሆነኝ። እኔ የምለው ይህ ነው፦ እምብዛም የማይገኝ ካንሰር የተገኘበትን ሰው፣ ያንኑ ሕመም ይዞ ከሚኖር ሰው ጋር ማገናኘት የሕክምናው አንድ ክፍል ይሁን። ለአውቶብስ አጋጣሚ አይተው።

ሕመማችን ቀስ ብሎ የሚያድግ የደም ካንሰር ነው። እኛ ሲኤምኤል እንለዋለን። ከ100 ሺህ ሰው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። 5 ሺህ ሰው የሚኖርበት ቀበሌ አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ታማሚ ላያይ ይችላል። ስኳር ወይም ግፊት ቢሆን ቡና ላይ "እኔም አለብኝ" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። የእኛን ግን የሚያውቀው የለም። "ካንሰር" ስትይ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ይላል። ቀብርሽን ማሰብ የጀመረ ሰው ፊት ላይ ያስታውቃል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሕመሙ ጣፊያን ያሳብጣል። በጣና ዙሪያ ጣፊያ ያበጠበት ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ቀጥሎ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ። ይህ ከምንም አልመጣም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የተነሳውን ካላዛር የሚረሳ የለም። በኋላ ከመሠረትነው የታማሚዎች ማኅበር አንዱ የፎገራ ገበሬ ናቸው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዱ ነበር። ሆዳቸው በግራ በኩል ሲያብጥ ለወባ ታከሙ፣ ለካላዛር ተመረመሩ፣ ወደ ስምንት ወር ተመላለሱ። በመጨረሻ ነጭ የደም ሴላቸው ሲቆጠር ከ200 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ11 ሺህ ብዙም አያልፍም። እኔንም አንድ ክሊኒክ ለሁለት ወር ታይፎይድ ብሎ አክሞኛል። ላብ፣ ድካም፣ ሁለት ጉርሻ ሳልበላ ጥጋብ። ሌላ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ "ደምሽን አስቆጥሪ" ይለኝ ነበር።

አሁን ሰባት ነን። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ባሕር ዳር እንገናኛለን። ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለን ቀኑን በበዓል አልቆረጥነውም። ትንሽ መዋጮ አለን፤ ለቀጠሮ መሄጃ ላጠረው ይሰጣል። የዘጌዋ እናት ቡና ያመጣሉ።

ምን እናወራለን? ሐኪም የማይጠየቀውን ነው። የምንውጠው ክኒን ኢማቲኒብ ይባላል። ባዶ ሆድ አይወድም። ከምግብ ጋር፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው። ታዲያ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ምን ያድርግ? ከምሳው ጋር፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት። ሙስሊሟ እህታችን በረመዳን ካፈጠረች በኋላ ትውጣለች። ሁለቱም ሐኪማቸውን ጠይቀው ነው፤ ጥያቄው እንደሚጠየቅ ያወቁት ግን ከእኛ ነው። ጠዋት ዓይኔ አብጦ ስነሳ ኩላሊቴ የተበላሸ መስሎኝ አልቅሻለሁ። የዘጌዋ እናት "የክኒኑ ነው፣ ለሐኪምሽ ንገሪውና ተረጋጊ" አሉኝ። ሌሊት ባቴን ሲሸመቅቀኝም እንዲሁ። አንዲት አዲስ ሙሽራ ደግሞ ስለ መውለድ የጠየቀችው እኚሁኑ እናት ነው። ክኒኑን እየዋጡ ማርገዝ ለጽንሱ እንደሚያሰጋ፣ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መመካከር እንደሚያስፈልግ ነገሯት። ይዘዋት ሄዱ። ሐኪሙ ፊት አፍራ የቆየችው ልጅ ያን ቀን አፏ ተፈታ።

የጸበሉንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ጸበል ገብቶ ክኒኑን ያቆመ ሰው ከእኛ መካከል ነበር። ይህ መድኃኒት ሲቆራረጥ ሕመሙ ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢመለሱበትም ላይሠራ ይችላል። ሐኪም ሲቆጣው አልሰማም። የተመለሰው የፎገራው አያ "እኔም እጠመቃለሁ፣ እኔም እውጣለሁ" ሲሉት ነው። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። እኛም ያንን ይዘናል።

ይህ ማኅበር ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ መንገድ ተዘግቶ ኢንተርኔት ሲጠፋ ክኒን ያለቀባቸው ነበሩ። ያለን እናካፍል አልን። ከመካከላችን አንዱ ግን ኒሎቲኒብ ወደሚባል ሌላ ክኒን ተቀይሯል። እሱ ደግሞ በተቃራኒው ባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው። የእኛን ምክር ሰምቶ ከምግብ ጋር ቢውጠው ልቡን ሊጎዳው ይችል ነበር። ነርሷ ደርሳ አስቆመችን። ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን። አንድም ክኒን ያለ ሐኪም ቃል ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ልምድ እንነጋገራለን፣ መጠን አንነካም። ለዚህም ነው ከጤና ባለሙያ ተለይተን መቆም የለብንም የምለው።

ሞትም አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችንን ቀበርን። ዘግይቶ ነበር የደረሰው። ከልቅሶው በኋላ ከመካከላችን ሁለቱ ለሦስት ወር ከስብሰባው ቀሩ። አልፈረድንባቸውም፤ እኔም እግሬ ከብዶኝ ነበር። "በሽተኛ ለበሽተኛ ይከብዳል" የሚሉ ሐኪሞች አሉ። እውነት አለው። ግን ብቻውን የሚያለቅሰው ሰውስ ቀለለው?

የታማሚዎች መሰባሰብ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ የዚህን ክኒን ታሪክ ይስማ። በ1999 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ገና ሙከራ ላይ ሳለ ለሁሉም አይበቃም ነበር። አንዲት ካናዳዊት ታማሚ ከ3 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስባ መድኃኒቱን ለሚሠራው ኩባንያ ለኖቫርቲስ ኃላፊ ላከች። ኩባንያው ምርቱን ጨመረ። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዛሬ መድኃኒቱን በነጻ ለብዙ አገር ታማሚዎች የሚያደርሰው ማክስ ፋውንዴሽንም በዚሁ ሕመም በተቀጠፈ ወጣት ስም ቤተሰቦቹ ያቋቋሙት ነው። የሕመሙ መታሰቢያ ቀንም መስከረም 12 ነው፤ በፈረንጆቹ በ9ኛው ወር 22ኛው ቀን። ሕመሙ የሚነሳው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ሲለዋወጡ ስለሆነ ነው።

አገራችንም ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። በኤች አይ ቪ ጊዜ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በጤና ተቋማት ውስጥ አዲስ ለተመረመረው ምክር ይሰጡ ነበር። የእናቶች ድጋፍ ቡድኖች ነበሩ። እነሱ ግን ብዙ ነበሩ፤ በየወረዳው ይገናኛሉ። እኛ የምንገናኘው ሪፈር የምንባልበት ትልቅ ሆስፒታል ደጅ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ካልተያያዝን እያንዳንዳችን ወደ ዳንግላ፣ ወደ ወረታ፣ ወደ ዘጌ እንበተናለን።

ምስጢር መጠበቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ልጅ ለመዳር የሚፈራ አባት አለ፣ ሥራውን የሚያጣ አለ። የምጠይቀው ፈቃድ እንዲጠየቅ ነው። ነርሷ ውጤቱን ከሰጠች በኋላ "ይህ ሕመም ያለበት ሌላ ሰው ላስተዋውቅሽ?" ትበል። እምቢ ያለች ትሂድ። እሺ ያለች ስልክ ትተው።

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን፣ የባሕር ዳር ሆስፒታሎቻችንን የምንለምነው ጥቂት ነው። በወር አንድ ጠዋት አንድ ክፍል ይሰጠን፤ ለግማሽ ሰዓት የምትቀመጥ አንዲት ነርስ ትመደብልን። ወንበር ባይኖር ቆመን እናወራለን። ቡናውን የዘጌዋ እናት ያመጣሉ።