ይቺ ወንበር ሰው አላት?

ኦፕራሲዮን በተደረግኩ በአምስተኛው ሳምንት ቃሊቲ ያለው ቢሮዬ ገባሁ። ሁለቱን ክራንች ግድግዳ አስደግፌ፣ ግራ እግሬን ትርፍ ወንበር ላይ ሰቅዬ ገና «እፎይ» ሳልል ከጎረቤት ክፍል አንዱ ልጅ ብቅ አለ። «ውይ ጋሼ! እግዜር ይማርህ! አይዞህ!» አለና፣ ጄሶዬን በሐዘን እያየ የወንበሯን መደገፊያ ያዝ አደረገ።

«ይቺ ወንበር ሰው አላት?»

ሰውስ የላትም። እግር አላት።

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። እስከ ምሳ ድረስ ሦስት ሰው መጣ፤ ሦስቱም አዝነውልኛል፣ ሦስቱም ወንበሯን ፈልገዋል። ለአንዷ፣ ሐኪሙ «እግርህን ከልብህ ከፍ አድርገህ አስቀምጥ» እንዳለኝ፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል እንደሚያብጥ፣ ስድስት ሳምንት መሬት እንዳላስነካው እንደተከለከልኩ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ከንፈሯን እየመጠጠች አዳመጠችኝ። ስታዳምጠኝ የተቀመጠችው ወንበሯ ላይ ነው።

ታዲያ ለምን ቤትህ አልተኛህም የሚል ካለ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይጠይቅልኝ። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በባዶ ነው። አጥንት አዋጅ አያነብም። ባንኩም የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ «አይዞህ፣ አንተም ግማሹን ክፈል» አላለኝም።

ኮንዶሚኒየም ካልኩ አይቀር፣ የ97 ተመዝጋቢ ነኝ። ስጠብቅ ስጠብቅ ጠጉሬ ሸብቶ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ደረሰኝ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ምድር የደረሰው ጎረቤቴ ታች ነው። ዕጣ ነው፣ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት በአምፖሉ ነው። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ኮሚቴው ከየቤቱ መዋጮ ጠየቀ፤ ሰውየው «እኔ ደረጃ አልጠቀምም» አለ። እሱ ካልከፈለ እኛም አንከፍልም ያለው በዛ። አምፖል እኮ ነው! አንድ አምፖል! ይኸው ስንት ወር በጨለማ ስንዳብስ ከርመን፣ ውኃ በመጣበት ሌሊት 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተጠማዘዝኩ። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ከሦስተኛ ደረጃ ወድቆ ተሰበረ ሲባል እንኳ ያሳፍራል። ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ አንድ ብረትና ስድስት ብሎን ገባ፤ በደረጃው መደገፊያ ላይ ከቀረው ብሎን ይበልጣል።

ያው ጎረቤቴ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። በስልኩ መብራት እየታገዘ፣ እያለከለከ። «ደረጃው ግን እንዴት ይጨልማል ጃል!» አለኝ።

ታዲያ እሱም ተረቷን ሳይተርት አልወጣም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። እውነቱን ለመናገር ይህችን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። በዚህ አንድ ወር ግን እንደ መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ ስለሰጡኝ ልመረምራት ተገደድኩ። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው መቼ ነው? እናቲቱ 21 ቀን ከታቀፈችው በኋላ። 21 ቀን ሙሉ ስትቀመጥ «እማማ ዶሮ፣ ይቺ ቦታ ሰው አላት?» ብሎ የሚመጣባት የለም። ተረቱን የሚተርትልኝ ሰው ሁሉ ይህችን ክፍል ዘሏታል።

አክስቴ ደግሞ ከናካቴው ብረቱን አልተቀበለችውም። «ወጌሻ እያለልህ ልጄ! በቅቤ አሸት አሸት አድርጎ በሳምንቱ ባቆመህ!» ራጁን አሳየኋት፤ ቀጭኑ አጥንት ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። «እሱ የፎቶው ነው» አለች። ሳቅሁ፤ ማታ ሳስበው ግን ተናደድኩ። ወለምታ ሌላ፣ ስብራት ሌላ። ሽምበቆ አጥብቀው አስረውበት ደም መድረሻ አጥቶ እግሩ የተቆረጠ ሰው ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ ወጌሻውን የሚወቅስ የለም፤ «ዕድሉ ነው» ይባላል።

ስለ ታክሲው ባላወራ ደስ ይለኝ ነበር። የቱሉ ዲምቱን የጠዋት ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን ወያላውን ላመስግነው። እግሬ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሲያየው ሌላ ሰው አላስጠጋብኝም፤ «ፋዘር፣ ተመቻች» አለ። ሒሳብ ላይ የሁለት ሰው ጠየቀኝ። «እግርህም ቦታ ይዟል እኮ!» ከፈልኩ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል እግሬን እንደ ሰው የቆጠረው እሱ ብቻ ነው።

ወንበሯ? ረስቻት ነበር። ረቡዕ በፋሻ ከጠረጴዛዬ እግር ጋር አሰርኳት። ሐሙስ ጠዋት ፋሻው በሥርዓት ተጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ወንበሯ ስብሰባ ገብታለች።

አሁን ይህን የምጽፈው እግሬን የወረቀት ካርቶን ላይ ሰቅዬ ነው። አምስት ደስጣ ያለበት፣ ጠንካራ፣ ማንም የማይቀመጥበት። የመዝገብ ቤቱ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ በሐዘን እያየኝ ነው።

«ጋሼ፣ እግዜር ይማርህ። እግርህን አንዴ ቀና ብታደርጋት፣ ከሥሩ አንድ ደስጣ ብቻ ነበር የምወስደው።»