ከአዘዞ የሚነሳ ርካሽ በረራ፦ ዕድሉም ስጋቱም መንገዱ ላይ ነው

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አዘዞ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በመኪና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የዓባይ በረሃን መውረድና መውጣትም አለ። ዛሬ ሰውን የሚያስጨንቀው ግን ርቀቱ አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ከዚያ ወዲህ ልጁን በአውቶቡስ ሲልክ ልቡ የማይደነግጥ ወላጅ ማግኘት ይከብዳል።

ለዚህ ነው ርካሽ አየር መንገድ የሚለው ነገር እዚህ ጎንደር የቅንጦት ወሬ ያልሆነው። እኔም ያስፈልገናል ከሚሉት ወገን ነኝ። የምለየው አንድ ነገር ላይ ነው። ብዙ ሰው ገበያው ቱሪስት ነው ብሎ ያስባል። አይደለም።

ቱሪስት ይመጣል፤ ለምን አይመጣም? ፋሲል ግንብ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ዓመት ይቀድመዋል። ጥምቀት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥር 11 ሲቃረብ ወደ ጎንደር የሚመጣ መቀመጫ ማግኘት ፈተና ነው። ዲያስፖራው፣ የአዲስ አበባው ሰው፣ ፈረንጁ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጎርፋል። ርካሽ አየር መንገድ ግን በጥር ብቻ አይኖርም። በሰኔ ማክሰኞ ቀን፣ ዝናብ እየወረደም፣ መቀመጫው መሙላት አለበት።

ያን ቀን መቀመጫውን የሚሞላው ማን ነው? ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ በሽተኛ ነው። አስታማሚውም አለ። ከመተማ በኩል ሰሊጥ የሚያመጣው ነጋዴ፣ ለስብሰባ የሚጠራው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለእረፍት የሚመለሰው ተማሪ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ። ለቅሶ ቀን አይመርጥም። እነዚህ ሰዎች ክረምት በጋ ሳይሉ ይንቀሳቀሳሉ። ብዙዎቹ ግን የአውሮፕላን ዋጋ ሲሰሙ ወደ መናኸሪያ ይመለሳሉ።

የርካሽ አየር መንገድ አሠራር ምሥጢር የለውም። በአሜሪካ ሳውዝዌስት በ1971 እ.ኤ.አ. መብረር ሲጀምር፣ በኋላም በአውሮፓ ራያንኤር ሲከተለው፣ መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ መያዝ። መሬት ላይ ከ25 ደቂቃ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሶ መነሳት። ሻንጣና ምግብ ለፈለገ ብቻ ለይቶ መሸጥ። አውሮፕላን ቆሞ ገንዘብ አያመጣም፤ ኪራዩ ግን ቆሞም ይቆጥራል። አውቶቡስ አንዴ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ አንድ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ሂሳቡ ጎንደር ላይ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከበፊቱ ተሻሽለዋል። አንደኛው ቴሌብር ነው። ርካሽ አየር መንገዶች ቲኬታቸውን በቀጥታ ለተሳፋሪው እየሸጡ የወኪል ኮሚሽን ያስቀራሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ እዚህም ሰው በስልኩ መክፈል ለምዷል። ሁለተኛው ሕጉ ነው። ለረጅም ጊዜ ከ50 በላይ መቀመጫ ባለው አውሮፕላን ሰው ማመላለስ ለመንግሥት ብቻ የተተወ ሥራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተጣምሮ እስከ 49 በመቶ ድርሻ ይዞ በአገር ውስጥ በረራ እንዲገባ ፈቀደ። በወረቀት ደረጃ በሩ ተከፍቷል።

ታዲያ ለምን ማንም ሮጦ አይገባም? አንዱ ምክንያት ዶላር ነው። ነዳጁ፣ የአውሮፕላኑ ኪራይ፣ መለዋወጫው፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ በዶላር ነው። ተሳፋሪው የሚከፍለው ግን ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅ ብቻውን የአንድ አየር መንገድን ወጪ ሲሶ ይጠጋል። የጎንደር ነጋዴ ገቢ በዚያው ወር እጥፍ አልሆነም። በብር እየሸጠ በዶላር ለሚከፍል ኩባንያ ከዚህ የባሰ ስጋት የለም።

ከፍታውም አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አዘዞም ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ጭነት ማቅለል ሊኖርበት ይችላል። ጭነት ቀለለ ማለት የሚሸጥ ነገር ቀነሰ ማለት ነው።

ስለ ትልቁ ተፎካካሪ ግን በግልጽ መነጋገር አለብን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የምንኮራበት ድርጅት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የኤርፖርቶች ድርጅት ከእሱ ጋር ተዋህዷል። አዲስ የሚመጣ ኩባንያ አዘዞ ሲያርፍ የማረፊያውን የሚከፍለው ለተፎካካሪው ነው ማለት ነው። ታንዛኒያን እንይ። ፋስትጄት በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ከዳሬሰላም መብረር ሲጀምር አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ ብዙ ሰዎችን አሳፈረ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ መንግሥት ኤር ታንዛኒያን በአዳዲስ አውሮፕላኖች አጠናከረ። ፋስትጄት ታንዛኒያ ዕዳ ተከማችቶበት በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በረራውን አቆመ።

የቢዝነስ ተማሪዎች ዕድልና ስጋትን በሁለት ዓምድ ለይተው ይጽፋሉ። ጎንደር ላይ ግን አንዱ ጉዳይ በሁለቱም ዓምድ ይገባል፤ ጸጥታው። መንገዱ አስፈሪ ሲሆን ሰው ወደ አውሮፕላን ይሸሻል። ነጋዴ ዓይን ይህን እንደ ገበያ ያየዋል። ነገር ግን መንገዱን የዘጋው ችግር አውሮፕላን ማረፊያውንም ይዘጋል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በሮኬት ተመትቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም ውጊያው ከተማው ሲደርስ ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የአውሮፕላን ኢንሹራንስ ይወደዳል። አከራዩም አውሮፕላኑን ለመስጠት ያመነታል።

ደግሞስ ሰላም ሲመጣ? ያን ቀን ሁላችንም እንናፍቃለን። መንገዱ ሲከፈት ግን በፍርሃት ብቻ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል። በሕዝብ ጭንቀት ላይ የተተከለ ዋጋ ከጭንቀቱ ጋር ይወድቃል። ስለዚህ ዋጋው ከአሁኑ ከአውቶቡስ ጋር እየተነጻጸረ መወሰን አለበት እላለሁ። እኩል ይሁን አላልኩም። አንድ መምህር ወይም ነርስ በዓመት ሁለት ሦስቴ ሊከፍለው የሚችል ይሁን።

ይህን ማድረግ የሚችለው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ራሱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይመስለኛል። ኬንያ ኤርዌይስ ጃምቦጄት የሚባል ርካሽ ቅርንጫፍ አቋቁሞ በ2014 እ.ኤ.አ. በረራ አስጀምሯል። ዛሬ የሚበርረው በኪው 400 ነው፤ የእኛው አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ማለት ነው። በአጭር ርቀት ነዳጅ ይቆጥባል። አውሮፕላኑ አለ፣ አብራሪው አለ፣ ጥገናው አለ። ቅርንጫፉ ከእናት ድርጅቱ ገበያ ይወስዳል የሚል ስጋት ይነሳል። ትንሽ ሊወስድ ይችላል። ዛሬ በመናኸሪያ የሚሰለፈው ሰው ግን መጀመሪያውንም የማንም አየር መንገድ ደንበኛ አልነበረም።

የግል ኩባንያ ሊገባ ሲመጣ ደግሞ የአዘዞ የማረፊያ ክፍያ በገለልተኛ አካል ይተመን። ለዚህ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አለ።

እስከዚያው በሽተኛው ጠዋት ሄዶ፣ ሐኪም ታይቶ፣ ማታ እንዲመለስ የበረራ ሰዓቱ ይስተካከል። አልጋ ባይከራይ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ሻንጣ ለማይዝ ሰው የሻንጣ ሂሳብ የሌለበት ቲኬት ይሸጥ። ከአንድ ወር በፊት ለገዛ በእርግጥ የሚታይ ቅናሽ ይደረግ። ለእነዚህ ሦስቱ አዲስ አውሮፕላን መግዛት አያስፈልግም።