«ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር»

3፡00። ይህች ቁጥር አንድ ዓመት አስከፍላኛለች።

የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። በፋይናል ሰሞን ታይፎይድ ጣለኝና አንድ ፈተና አመለጠኝ። የሐኪም ወረቀቴን አስገባሁ፤ ሜካፕ፣ ማለትም የማካካሻ ፈተና፣ ተፈቀደልኝ። ቀኑን ከዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ ተከታተል ተባልኩ። በቀን ሁለቴ እየሄድኩ አየሁ። አንድ ረቡዕ ማታ ግማሽ ገጽ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «አርብ 3፡00፣ ክፍል 12» ይላል። ከጎኑ የተለጠፈው የሌላ ኮርስ ፕሮግራም ደግሞ 8፡30 ብሎ ይጀምራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ለማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እኔም ሰሌዳው በሙሉ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ መስሎኝ 3፡00ን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አደረግኩት። አርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል 12 በር ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ተቆልፏል። ኮሪደሩን የሚያጸዱ እናት ቀና ብለው አዩኝና «ውይ ልጄ፣ ጠዋት ተፈትነው ወጡ እኮ» አሉኝ።

ኤንጂዬ፣ ማለትም ፈተናውን እስክወስድ በውጤቴ ቦታ የተያዘልኝ «ውጤት የለም» የሚለው ምልክት፣ ወደ ኤፍ ተቀየረ። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ እሱን ሳያልፉ የማይወሰዱ ሌሎች ሁለት ኮርሶችም ነበሩ። ደጅ ያልጠናሁበት ቢሮ የለም። የተሰጠኝ መልስ ግን በየቢሮው አንድ ነው። «ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር።»

ብዙ ጊዜ አልፎታል። ቂም ይዤም አይደለም የምጽፈው። የእህቴ ልጅ ግቢ ገብታለች፤ ፍሬሽ ናት። ስልኳ ላይ የሚመጡላትን ማስታወቂያዎች አንዳንዴ አብረን እናነባለን። ሰሌዳው ቴሌግራም ሆኗል፤ አጻጻፉ ግን ያው ነው። ያኔ ያልገባኝ ነገር አሁን ገብቶኛል። ብዙ ቢሮ ማስታወቂያ የሚያወጣው ተናግሬያለሁ ለማለት ነው። ማኅተም አርፎበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከተለጠፈ ሥራው አለቀ። ተማሪው ጋ ይድረስ አይድረስ፣ ይግባው አይግባው፣ የሚጠይቅ የለም። እኔ የምለው፣ ካልደረሰ አልወጣም።

ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪ ከሚጠራበት ማስታወቂያ፣ ከጥሪው እንጀምር። አዲስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የምዝገባው ቀን ይጻፋል፤ ከዚያ የሚያዘው ዕቃ ይዘረዘራል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ። መጨረሻ ላይ ማሳሰቢያ ይመጣል፦ ከተጠቀሰው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ አይስተናገድም። ይህን ጥሪ ከመግቢያው ቀን አምስት ስድስት ቀን ብቻ ቀደም ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ላለ ልጅ አምስት ቀን ይበቃል። ግን ምደባው በመላ አገሪቱ ነው። ከመተማ አርባ ምንጭ የተመደበ ልጅ አለ፤ ከጂንካ ጎንደር የተመደበች ልጅ አለች። መንገዱ ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገድ ላይ ማደሪያ ይጠይቃል። የአውቶቡስ ገንዘብ ደግሞ ከኪስ አይመዘዝም። አባት በግ ይሸጣል፤ በግ የሚሸጠው ደግሞ በገበያ ቀን ነው። ገበያው ቅዳሜ ከሆነና ጥሪው እሁድ ከወጣ፣ ያ ቤተሰብ ወይ ይበደራል ወይ ልጁ ይዘገያል። ከዘገየ «አይስተናገድም» የሚለው መስመር ይጠብቀዋል።

ተማሪ በሚመዘግበው ቢሮ፣ በሬጅስትራር ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ተንኮለኞች አይደሉም። ቀኑ እነሱም ጋ ዘግይቶ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ነባሩ ተማሪ ዶርሙን ለተፈታኞች መልቀቅ መጣበት። የመግቢያውም የመውጫውም ቀን ከሌላ መሥሪያ ቤት ቀን ጋር ተያያዘ። አንዱ ሲገፋ ሌላውም ይገፋል። ይህ ከግቢው አቅም በላይ ነው። ቢያንስ ግን «ጥሪው በዚህ ወር መጨረሻ አካባቢ ይሆናል፤ ተዘጋጁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር አያቅትም። ያልቆረጠ ቀንም ቢሆን ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። በጉ በጊዜ ይሸጣል።

ወደ ሰዓትና ወደ ቀን ልመለስ፤ እኔን የጣለኝ እሱ ነውና። ግቢ ውስጥ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ጎን ለጎን ይኖራሉ። የትምህርት ካላንደሩ በፈረንጅ ሊሆን ይችላል። የካፌው ሰዓት በእኛ ነው። መምህሩ በአንዱ ያስባል፤ ጸሐፊዋ በሌላው ትጽፋለች። «10/01» የሚል ቀን ዓመቱ ሳይጠቀስ ተጽፎ አይቻለሁ። በእኛ ከሆነ መስከረም 10 ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ጃንዋሪ 10 ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥር 2 ላይ ይውላል። ወሩን አስቀድሞ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ኦክቶበር 1 ይሆናል፤ ማለትም መስከረም 21። ከሦስቱ ሁለቱ ግቢ የሚመዘገብበት ሰሞን ውስጥ ይወድቃሉ! የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚል አንድ ቃል መጨመርስ? እኔ ያን አንድ ቃል ባገኝ ኖሮ ከጓደኞቼ ጋር ጋውን እለብስ ነበር።

ሌላው የሚያሳስበኝ ፎቶው ነው። አሁን አብዛኛው ማስታወቂያ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተነሥቶ ነው ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው። አንዳንዱ ጠሞ የተነሣ ነው፤ አንዳንዱ ላይ የአንሺው ጥላ አርፎበታል። ማኅተሙ የሚያስፈልገው እምነት እንዲጣልበት መሆኑ ይገባኛል። ግን ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ግቢ ውስጥ አሉ። ስልካቸው የተጻፈ ነገር ሲያገኝ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ፎቶ ሲመጣ ግን «ምስል» ብሎ ዝም ይላል። አንድ ማየት የተሳነው ጓደኛ ነበረኝ። ግቢ ውስጥ መንገድ ጠፍቶበት አያውቅም፤ በዱላው ሁሉን ያገኘዋል። ማስታወቂያ ለማንበብ ግን የግድ ሰው መለመን ነበረበት። ያኔ ወረቀት ነበርና ምን ይደረጋል እንል ነበር። ዛሬ ግን መፍትሔው እጅ ላይ ነው። ፎቶውን ልቀቁት፤ ከሥሩ ያንኑ ቃል በቃል ተይቡት። ዳታ ለሚቆጥበውም ተማሪ ይቀላል፤ በኋላ ፈልጎ ለማግኘትም ይመቻል።

ቴሌግራም ብቻውን እንደማይበቃም ያየነው ነው። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ሐምሌ 2015 ነው፤ ማለትም ዝግጅቱ ሁሉ በዚያው ሰሞን ነበር። ከመቶ ሃምሳ ያላመጣ አያልፍም የተባለ ፈተና። ተማሪው መረጃውን የሚከታተለው እገዳውን በሚያልፍ መተግበሪያ፣ በቪፒኤን ነበር፤ ቪፒኤን ያልሠራለት ጓደኛውን ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት ተቋረጠ። ክልሉ ውስጥ ያለ ልጅ ጥሪውን በምን ይስማው? አንዱ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይደውላል፤ ዘመዱ አንብቦ በስልክ ይነግረዋል። ያ ዘመድ የሌለውስ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይታያል። ዳታ የሌላት ተራ ስልክም ታሳያለች። እንግዲህ ውጤት በዚህ መንገድ ከደረሰ፣ የምዝገባ ቀን የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም። የተማሪው ስልክ ቁጥር ሬጅስትራር ጋ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ሁሉም ነገር አይላክ። የምዝገባ ቀን፣ ኮርስ የሚጨመርበትና የሚጣልበት የአድና ድሮፕ ማብቂያ፣ የፈተና ፕሮግራም ለውጥ፣ ዶርም የሚለቀቅበት ቀን፤ እነዚህ አራቱ ቢላኩ ይበቃሉ። ሬዲዮም አለ። ገጠር ያለ ወላጅ ዛሬም ሬዲዮ ይሰማል።

ወሬ የሚነግሠውም ቢሮው ዝም ባለበት ሰዓት ነው። «ግቢ ሊዘጋ ነው»፣ «ፈተናው ተራዘመ»፣ «ዶርም ነገ ይለቀቃል»። የድሮ ማኅተም ቆርጦ አዲስ ደብዳቤ ላይ መለጠፍ ለማንም ቀላል ሆኗል። ልጆቹ ሻንጣ ሸክፈው መናኸሪያ ከደረሱ በኋላ «ሐሰት ነው» የሚል ማስተባበያ ይወጣል። ማስተባበያው ልክ ነው፤ ግን የትኬቱን ብር አይመልስም።

ደስ ስለሚለው ነገርም ልናገር፤ ማስታወቂያ ማለት ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለምና። ግቢ ውስጥ የመጽሐፍ ምረቃ አለ፣ የግጥም ምሽት አለ፣ የዲፓርትመንቶች ኳስ አለ፣ ከውጭ የመጣ ምሁር የሚሰጠው ንግግር አለ። ጠዋት ተለጥፎ ከሰዓት በኋላ የሚካሄድ ውይይት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ አዘጋጆቹና ሦስት መምህራን ይቀመጣሉ። ተማሪው ክላስ ላይ ነው፤ ወይም ጭራሽ አልሰማም። ተናጋሪው ወር ሙሉ የተዘጋጀበትን ለባዶ ወንበር ይናገራል። በ1950ዎቹ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮሌጅ ዴይ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ግጥም ያነብቡ ነበር። በየዓመቱ የሚጠበቅ ቀን ነበር፤ ገጣሚው ለዚያ ቀን ይዘጋጃል፣ ሰሚውም ለዚያ ቀን ይዘጋጃል። ዛሬም የሴሚስተሩ ዝግጅቶች በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ገጽ ቢወጡ ልጆቹ ይመጣሉ። ይህን በእርግጠኝነት ነው የምለው። ተማሪ ወደ አዳራሽ የማይመጣው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

የደም ልገሳው ደግሞ የባሰ ነው። መኪናው ግቢ የሚመጣው ተማሪው ፈተና ላይ ባለበት ቀን ነው። ፈተና ያለበት ልጅ ደም አይሰጥም፤ ትክክል ነው። ሳምንት አስቀድሞ ተነግሮ፣ ከፈተና በኋላ ባለው አርብ ቢሆን ኖሮ ሰልፉ እስከ ላውንጁ ይደርስ ነበር።

እንግዲህ እንዴት ይጻፍ ለሚለኝ፣ እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ምዝገባ። ሰኞ መስከረም 19 እና ማክሰኞ መስከረም 20፣ 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 29 እና 30)። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡00። ቦታው ትልቁ አዳራሽ ነው፤ ከዋናው በር ገብታችሁ በስተቀኝ። ይዛችሁ የምትመጡት ከዚህ በታች ተዘርዝሯል። በመንገድ ችግር የምትዘገዩ በዚህ ስልክ ደውሉ፤ ስማችሁ ይያዛል፤ እስከ አርብ እንመዘግባችኋለን።»

በቃ። ትልቋ መስመር የመጨረሻዋ ናት። የዘገየ ልጅ ምን ያድርግ የሚለውን ትመልሳለች። ስልኩን የሚያነሣ ሰው ደግሞ የግድ ይኑር፤ የማይነሣ ስልክ ከሚጻፍ ባይጻፍ ይሻላል። ቀኑ ከተለወጠም የድሮውን አጥፍቶ አዲሱን መተካት ልክ አይደለም። ትናንት ያነበበው ልጅ ዛሬ ተመልሶ ላያይ ይችላል። «የሰኞው ወደ ረቡዕ ተዛውሯል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ለምን እንደተዛወረም አንድ መስመር ይጨመርበት።

ለተማሪዎች ህብረትና ለክፍል ተጠሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። ፎርዋርድ አድርጎ መተው አይበቃም። ግሩፑ አነስተኛ ከሆነ ማን እንዳየው፣ ማን እንዳላየው ታያላችሁ። ያላየውን ደውሉለት።

ይህን የምለው ሲደረግ ስላየሁ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ብሎካችን ውስጥ አንድ ፕሮክተር፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪ፣ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። ማስታወቂያ ማንበብ ሥራቸው አልነበረም፤ ማንም አላዘዛቸውም። ሬጅስትራሩ ሰሌዳ ላይ የወጣውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ይመጣሉ። ከዚያ ከመጀመሪያው ፎቅ ጀምረው በር በር ያንኳኳሉ። «ልጆች፣ ድሮፕ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። የተኛውን ቀስቅሱት።» በሩ ካልተከፈተ የክፍሉን ቁጥር ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ሌሊት አራት ሰዓት ላይ፣ ላይብረሪ የነበሩት ሲመለሱ፣ ደብተሩን ይዘው ያንኑ በር ደግመው ሲያንኳኩ እንሰማ ነበር።