መዝጊያው የት ነው?

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቶናው ገና ሳይቀዳ ወሬው ወደ ቧንቧ ዞረ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል፤ የቤቱ እመቤት ከሥሩ ጆግ ደቅናለች።

«እትዬ፣ ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው?» አላት አንድ ወጣት።

«ሦስት ሳምንት። ሠራተኛው ነገ እመጣለሁ እያለ ይኸው።»

«ጆጉስ በስንት ሰዓት ውስጥ ይሞላል?»

«በሁለት ሰዓት።»

ጆጉ ሁለት ሊትር ይይዛል። ልጁ እዚያው አሰላው፤ በቀን 24 ሊትር፣ ከአንድ ጀሪካን በላይ ማለት ነው። በሦስት ሳምንት ከ500 ሊትር ያልፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ መካከለኛ ሮቶ ሙሉ ውሃ ፈሰሰ ማለት ነው። ሁላችንም ደነገጥን።

«የአንዲት ጎማ ጉዳይ እኮ ነው» አለ ልጁ። «ውስጥ ያለችው ጎማ አልቃለች። አጥብቀሽ በዘጋሽው ቁጥር ይበልጥ ትጨፈለቃለች። ፒንሳና የእንግሊዝ ቁልፍ ካለ እኔ አሁኑኑ እቀይረዋለሁ።»

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ አባት ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የለም፣ የለም። እኔ ከሥር የምኖር ሰው ነኝ። ከዚህ በፊት እዚህ የነበረ ተከራይ ራሴ እሠራዋለሁ ብሎ ሲነካካ ውሃው የወረደው እኔ አልጋ ላይ ነው። ፍራሹን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አምፖል ስትቀይር ቢበላሽ የሚጨልመው ያንተ ቤት ነው። ውሃ ግን ቁልቁል ነው የሚሄደው።»

እውነታቸውን ነው። ልጁም ዝም አለ።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ ግን አልተስማማችም። ብቻዋን ነው የምትኖረው። «ጋሼ፣ እኔ ለትንሽ ለትልቁ የማላውቀውን ሰው ቤቴ ማስገባት አልፈልግም» አለች። ሽንት ቤቷ ውሃ እየበላ መሆኑን የጠረጠረችው በቆጣሪው ነው። ማታ ሁሉም ነገር ተዘግቶ ቆጣሪው ይዞራል። ቀይ ሥር የቀቀለችበትን ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምራ፣ ሳትለቀው ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀላ። ታንከሩ ሥር ያለው መድፈኛ ጎማ አይገጥምም ማለት ነው። አሮጌውን ነቅላ ለናሙና ይዛ ሄደች፣ ልኩን ገዝታ ገጠመችው። ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት! እኔ በበኩሌ ኮራሁባት።

ክርክሩ ጋለ። አንዱ «የቧንቧ ሠራተኞችን እንጀራ አትንጠቁ» ይላል፣ ሌላው «ሲጠሩ መቼ መጡና?» ይላል። ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡ አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ለካ ሙያቸው ይኸው ነው፤ ብዙ ዓመት የቧንቧ ሥራ ሠርተዋል። ዘወር ብለው ልጁን አንድ ነገር ጠየቁት።

«መዝጊያው የት ነው?»

«ቆጣሪው ጋ።»

«እሱን ብትዘጋው የሮቶው ውሃ ይቆማል?»

ልጁ መልስ አጣ። እኔም አላውቅም ነበር። የሮቶው ውሃ ከላይ በራሱ መስመር ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ከቆጣሪው ወዲህ ነው የሚገናኘው። ቆጣሪው ጋ ዘግተህ ቧንቧውን ስትፈታ፣ ከጣሪያ የሚመጣው ይለቀቅብሃል። በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ግፊት አለው፤ በእጅ ይዘህ አታቆመውም። የጡረተኛውን ፍራሽ ያራሰው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሰውዬው ሙያቸውን አልደበቁም። ጎማ መቀየር ማንም ይችላል አሉ። ሁለቱንም መስመር ዝጋ፣ ቧንቧውን ከፍተህ የቀረውን ውሃ አፍስስ፣ ብሎን እንዳይገባብህ የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈን። ቴፍሎን (ውሃ እንዳያሳልፍ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ስስ ጥቅል) ስትጠመጥም ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይሁን፤ ካልሆነ ስትገጥመው ይፈታል። ፍሌክሲብል (ተጣጣፊው ቱቦ) ላይ ግን ቴፍሎን አያስፈልግም፣ ውስጡ የራሱ ጎማ አለው፤ በእጅህ አጥብቀህ በቁልፍ ትንሽ ብቻ ጨምርለት። (ይህን ቀደም ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ፍሌክሲብል አጥብቄ አልሰነጥቅም ነበር።) «ግድግዳ ውስጥ ያለውን ግን ተውት» አሉ። «ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በ260 ዲግሪ ቀልጦ ነው የሚያያዘው። እሱ የእኔ ሥራ ነው። ቦይለርም እንደዚያው፤ ኤሌክትሪክ አለበት።»

ተነስተን የሮቶውን መዝጊያ ልናይ ሄድን። ዝጓል። ልጁ ሞከረ፣ እኔም ሞከርኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ለዓመታት ማንም ነክቶት አያውቅም። ሰውዬው በግድ እንዳንታገለው ከለከሉን፤ አንገቱ ቢሰበር ሮቶው ሙሉ በሙሉ ይፈሳልና። ማክሰኞ መጥተው ሊቀይሩት ከባለቤቲቱ ጋር ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ጎማዋን ልጁ ይቀይራታል።

እኔ የማደላው ለልጁና ለባንክ ሠራተኛዋ ነው። በራስህ እጅ ልትዘጋው ከቻልክ፣ ከመዝጊያው ወዲህ ያለችውን ጎማና ፍሌክሲብል ራስህ ቀይር፤ ሦስት ሳምንት ውሃ እያፈሰሱ ሰው መጠበቅ ልክ አይደለም። መዝጊያው ካልሠራ ወይም ብልሽቱ ግድግዳ ውስጥ ከሆነ ግን የጡረተኛው አባት ሥጋት ይበልጥብኛል፤ ከሥር ሰው አለ።

ከሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ቤቱን ስንረከብ የበር ቁልፍ ቆጥረው ሰጡን፤ ውሃው የት እንደሚዘጋ ያሳየን ሰው አልነበረም። ማታ ቤቴ ገብቼ የእኔን መዝጊያ አዞርኩት። ከብዶኝ ነበር፣ ግን ዞረ። ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ትንሿም ራሷ ዘግታ ከፈተችው።