ብር የቆጠረ እጅ ሥጋ ሲመዝን
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በእጅ በሚዘዋወሩ የወረቀት ብሮች ላይ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንደሚገኙ ሲያትት፣ በመጀመሪያ የታወሰኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ የምገበይበት ሥጋ ቤት ነው፤ ሻጩ አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ የነተቡ አሥር ብሮችን ከቆጠረ በኋላ በዚያው እጁ ሥጋውን አንሥቶ ይመዝንልኛል። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው በብር ላይ መገኘቱ ብቻ ሕመም መተላለፉን አያረጋግጥም፤ ለምሳሌ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይም ይኖራልና። መድኃኒት እንዲላመድ የሚያደርገውም ብሩ ሳይሆን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛን፣ ሲሻለን ደግሞ ሳንጨርስ ለሌላ ጊዜ ብለን የምናስቀምጠው አሞክሳሲሊንና መሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው (እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም)። ፔኒሲሊንን የሚቋቋሙ የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ዝርያዎች የታዩት እኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገና በ1940ዎቹ ነው። ለሥጋ ቤቱ ግን ገንዘብ ተቀባዩና ሥጋ ቆራጩ የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ ይበቃ ነበር።