ሲያርፍ የሚፈውስ አውሮፕላን

ጠበል ፍለጋ ገደል ለገደል የሚንከራተት ሰው ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ምን ነበረበት ትኬት ቢቆርጥ?

ይህን የምለው ሰምቼ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ነው። ባለፈው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ፣ መሳፈሪያው በር ላይ የተደረደረ 14 ዊልቸር ቆጥሬአለሁ። የቁስለኛ ማጓጓዣ እንጂ የመንገደኛ በረራ አይመስልም ነበር። ሌሊቱን በርረን ቦሌ ደረስን። ጎማው መሬት እንደነካ፣ የቀበቶው መብራት ሳይጠፋ፣ ከ14ቱ 13ቱ ቆመዋል። አጠገቤ የነበሩት እናት ሲገቡ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ደግፏቸው ነበር። አሁን በእግራቸው ጣት ቆመው ሻንጣቸውን ከላይ አወረዱ። የኔንም ጨምረው አወረዱልኝ። «እንካ ልጄ፣ ቶሎ በል! ኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ይረዝምብናል።»

እስቲ መጻጉዕን አስቡት። 38 ዓመት ተኝቶ ነው የዳነው። ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራዋለች። የኛዎቹ በአንድ ሌሊት ተፈውሰው አንድ እሑድ እንኳ የሰጣቸው የለም። ግፍ ነው።

የበሽታው ብልህነት ደግሞ! ዊልቸር ያዘዘ ሰው ሲሳፈር አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። ሲወርድ ግን ሌላው ወጥቶ እስኪያልቅ ይጠብቃል። በሽታው ይህን ደንብ በቃሉ ይዞታል። መቅደም ሲኖር ይነሳል፣ መቅረት ሲመጣ ይተዋል። እንዲህ ያለውን ጨዋ ሕመም ለሁላችንም ይስጠን።

ልጆቹንም ማመስገን ይገባል። ያለ ልጅ ምክር የምታነክስ እናት አላየሁም። ያን ዕለት ኤርፖርቱ ደጃፍ ላይ አንድ ጎረምሳ እናቱን ከመኪና ሲያወርድ እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ፦

«እማዬ፣ ከዚህ ጀምሮ አንከስ አንከስ በይ።»

«በየትኛው እግሬ?»

«በፈለግሽው። ብቻ እንዳትቀያይሪ።»

ቀያየሩ። በቀኙ ጀምረው ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ በግራው ሆነ። ሻንጣው ከ23 ኪሎ አልፎ ሲገኝ ደግሞ ከዊልቸሩ ዱብ አሉ። መሬት ላይ ተንበርክከው የሰው አደራውን፣ ጫማውን፣ ሎሽኑን ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። ዚፑን በጉልበታቸው ተጭነው ዘጉና ተመልሰው ታመሙ።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ ጥበብ የተመቸ ነው። አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው ደንብ፣ ይህ እርዳታ ለተጓዡ በነፃ ነው። በአውሮፓው 48 ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ይጠበቃል። ዊልቸር ለፈለገ ሰው የሐኪም ወረቀት አምጣ ማለት አልተለመደም። እግሩን ያመመውን ሰው «እስቲ አስረዳ» ማለት ነውር ነው። ሕግ አውጪዎቹ ሰው በአፉ እንጂ በእግሩ ይዋሻል ብለው አልጠረጠሩም። አበሻን አያውቁማ! (እውነት ለመናገር የሌላም አገር ሰው ያደርገዋል። ግን እኛን የሚያህል የለም ብዬ ልኩራ።)

ትኬቱ ላይ የሚሞሉ ሦስት ምልክቶች አሉ። ደረጃ እየወጣ ረጅም መንገድ ለሚከብደው ሰው ደብሊው ሲ ኤች አር ይባላል። ደረጃ ለማይችለው የመጨረሻዋ ፊደል ኤስ ትሆናለች። እስከ መቀመጫው ድረስ ሰው ሊያደርሰው ለሚገባው ደግሞ ሲ። ፊደሏ ቀላል እንዳትመስላችሁ። አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ርቆ ከቆመ፣ ደረጃ የማይችለውን ሰው እስከ በሩ ከፍ አድርጎ የሚያነሳ መኪና መታዘዝ አለበት። ለሲው ደግሞ በመቀመጫዎቹ መሃል የምታልፍ ጠባብ ወንበር ትመጣለች። ትኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ይህን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ አስረዳችው። እሱ ምን አላት?

«የቱ ነው ቶሎ የሚያሳልፈው?»

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እናቴን ሳስመጣ ዊልቸር አዝዣለሁ። እናቴ ገበያ በእግሯ ደርሳ የምትመለስ ሴት ናት። ግን እንግሊዝኛ አታውቅም። መሸጋገሪያው ላይ ትጠፋብኛለች ብዬ ፈራሁ። ያዘዝኩት ለእግሯ ሳይሆን ለምላሷ ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች መንገደኛውን ተቀብሎ ከበር በር የሚያደርስ ሰው ያለ ዊልቸርም እንደሚመድቡ የሰማሁት በኋላ ነው። ብሰማስ? ያንን ለማስረዳት ብዙ ማውራት አለ። ዊልቸር አንድ ቃል ነው።

እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። «ምነው ልጄ፣ በቁሜ ሽባ ታደርገኛለህ?» ስትወጣ ሳያት ዊልቸሩ ላይ የተቀመጠው የሽሮ ዘንቢሏ ነበር። የሚገፋው ልጅ አበሻ ነው። እሱ ዘንቢሉን ይገፋል፣ እሷ ከጎኑ እየተራመደች ታዋየዋለች። እኔ ጋ እስኪደርሱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ሰፈር እንዳደገ፣ እስካሁን ለምን እንዳላገባ ጠይቃ ጨርሳለች። ከቤተሰባችን በዊልቸር የተጓዘ ያ ዘንቢል ብቻ ነው።

ወደ በረራው ልመለስ። ከ14ቱ 13ቱ ቆሙ ብያለሁ። አሥራ አራተኛው አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች የሌለ ሽማግሌ ነበሩ። ስንነሳ ክራንቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አግዳሚ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀዋል። ዊልቸር አልቆ። አንድ ባዶ በመጣ ቁጥር፣ እሳቸው ክራንቻቸውን አስተካክለው እስኪነሱ፣ ሌላዋ «ውይ ወገቤን!» ብላ ትቀመጥበታለች። የመጻጉዕም ችግር እኮ ይኸው ነበር። ውሃው በተናወጠ ቁጥር ሌላው ቀድሞት ይወርዳል።

ቦሌ ላይ ሰዉ ተግተልትሎ ወጣ። እኔ የወደቀ መነጽር ስፈልግ ወደኋላ ቀረሁ። ከበሩ ውጭ ባዶ ዊልቸሮች ተሰልፈዋል። ሠራተኞቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ቆመዋል። አንዷ ልጅ አንዱን ስም ሦስት ጊዜ ጠራች። ባለስሟ ይሄኔ ሻንጣ መቀበያው ጋ ናቸው።

ሽማግሌው ጠባቧ ወንበር እስክትመጣላቸው መቀመጫቸው ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ አልወረዱም እንዴ?» አልኳቸው።

አንገታቸውን አስግገው ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ።

«ምን አጥፍቼ እንደሆነ እንጃ ልጄ» አሉኝ። «አብሬያቸው ነበር የተሳፈርኩት። እኔን ብቻ ዘለለኝ።»