መርፌው ዳኛ መሆኑ ይብቃ

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ያሳለፈው ውሳኔ አሁንም ያናድደኛል። ነገሩ ስለ ጉበት ስብ በሽታ ነው። ከጉበት በመርፌ በተወሰደ ናሙና ላይ የበሽታውን ብርታት የሚያነብ አንድ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያ በመድኃኒት ሙከራዎች ላይ እንዲያገለግል ኤጀንሲው ተቀበለው። ቀድሞ ሦስት ፓቶሎጂስቶች (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሐኪሞች) ተመካክረው የሚወስኑትን አሁን አንድ ፓቶሎጂስት በመሣሪያው እየታገዘ ሊወስነው ይችላል። ዜናው እንደ ትልቅ ድል ተወራ። ባዮፕሲ፣ ማለትም ይህ በመርፌ ናሙና የመውሰዱ ምርመራ፣ ከእንግዲህ አስተማማኝ ሆነ ተባለ።

እስቲ ልብ በሉት። መሣሪያው ያስፈለገው እኮ ስንት ዓመት የተማሩ ሰዎች አንድ ስላይድ እያዩ መስማማት ስላቃታቸው ነው። እሱን ለማሠልጠን 59 ፓቶሎጂስቶች ከ5 ሺህ በላይ የጉበት ናሙናዎች ላይ ከ100 ሺህ በላይ ምልክቶች አድርገዋል። ይህን ሁሉ ልፋት አፍስሰው ዋናውን ጥያቄ ግን ዘለሉት። መርፌው ከመነሻውስ ዳኛ መሆን ነበረበት ወይ?

ስለ ጉበት ስብ ምርመራ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል። "የደሙም የፋይብሮስካኑም (የጉበትን ጥንካሬ ከውጭ የሚለካው መሣሪያ) ውጤት ግምት ነው፤ እውነቱን የሚነግርህ ባዮፕሲ ብቻ ነው" ይባላል። ሐኪሞች ሳይቀሩ ይደግሙታል። ከቀረቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ደካማው ይህ ነው። በመርፌ የሚወጣው ቁራጭ ከጠቅላላው ጉበት 50 ሺህ እጅ አንዱን ቢያክል ነው። የቀረውን ያየው የለም። በሽታው የሚተወው ጠባሳ ደግሞ ጉበት ላይ እኩል አይሰራጭም። አንዱ ጥግ ሲጠነክር ሌላው ገና ደህና ሊሆን ይችላል።

በፈረንሳይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ከ51 ታካሚዎች ሁለት ሁለት ናሙና ተወሰደ። ሰውየው ያው፣ ጉበቱም ያው ነው። ከመቶ 41ዱ ላይ የጠባሳው ደረጃ ቢያንስ በአንድ ተለያየ። በአንዱ ናሙና ከባድ ጠባሳ ከተገኘባቸው 17 ሰዎች ውስጥ 6ቱ፣ በሌላኛው ናሙና ወይ ቀላል ጠባሳ ብቻ ታየባቸው ወይ ጭራሽ ምንም አልታየም። መርፌው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቢገባ ኖሮ "ደህና ነህ" ተብለው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። የፈለገ ሶፍትዌር ቢመጣ ስላይዱ ላይ የሌለውን ጠባሳ ሊያነብ አይችልም።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ያለ መርፌ የሚሠሩት ምርመራዎች ትክክል መሆናቸው የሚመዘነው በምንድን ነው? በዚሁ በመርፌው! ፊብ-4 የሚባለው የደም ስሌት "ከባድ ጠባሳ አለ" ቢል፣ ባዮፕሲው ደግሞ "የለም" ቢል፣ ስህተቱ የሚመዘገበው በፊብ-4 ላይ ነው። መርፌው ደህናውን ጥግ ወግቶ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በተጣመመ ማስመሪያ ሲለካ ጠማማ የሚመስለው ቀጥ ያለው መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ይህን በስሌት አስቀምጠውት ነበር። እንዲህ ያሉ ምርመራዎች በአንድ መለኪያ ነው የሚመዘኑት። ፍጹም የሆነው 1 ያገኛል፤ ሳንቲም ወርውሮ መገመት 0.5 ነው። ባዮፕሲው ራሱ ስለሚሳሳት፣ ምንም እንከን የሌለበት ምርመራ ቢፈጠር እንኳ ከ0.90 ማለፍ እንደማይችል አሳዩ። ምንም እንከን የሌለበት! ከዚያ በኋላም ስንት ጽሑፍ ወጥቶ ስንቱ ምርመራ "መካከለኛ ነው" እየተባለ ተጣጣለ።

ታዲያ ዳኛው ማን ይሁን? የታካሚው ዕጣ ይሁን። ማን ጉበቱ ከዳው፣ ማን ካንሰር ያዘው፣ ማን ሞተ? ምርመራ የሚያስፈልገን ይህን ቀድመን እንድናውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ትልቅ ትንተና 2,518 ታካሚዎችን በዚሁ መንገድ አይቷል። ዕጣቸውን ቀድሞ በመናገር፣ በዚያው መለኪያ፣ ባዮፕሲው 0.72 አገኘ። በፋይብሮስካን የተለካው የጉበት ጥንካሬ 0.76፣ ፊብ-4 ደግሞ 0.74 አገኙ። ልዩነቱ ጠባብ ነው። "ብቸኛው እውነት" የተባለው መርፌ ግን አንዳቸውንም አልበለጠም። ፊብ-4፣ አራት ነገር የያዘች የሒሳብ ቀመር፣ እኩል ተራመደችው። ክርክሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ቀመሯ ይህች ናት። ዕድሜን በኤኤስቲ ታባዛላችሁ (ኤኤስቲና ኤኤልቲ በደም የሚለኩ የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው)። ከዚያ ፕሌትሌትን (ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት፣ በሺህ ተቆጥረው) በኤኤልቲ ካሬ ሩት አባዝታችሁ በዚያ ታካፍላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስትወጣ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ አብረው ላሉባቸው ሰዎች ነበር፤ ለጉበት ስብ የዋለችው ኋላ ነው። የ62 ዓመት ሰው እንውሰድ። ኤኤስቲ 39፣ ኤኤልቲ 25፣ ፕሌትሌት 180 ሺህ። ወረቀቱ ላይ ኮከብ የተደረገበት ቁጥር የለም፤ ሁሉም "ኖርማል" ነው። "ጉበትህ ደህና ነው" ይባላል፣ በቃ ይሄዳል። አስሉት እስቲ። 62 ሲባዛ በ39፣ 2,418 ነው። 180 ሲባዛ በ25 ካሬ ሩት፣ ማለትም በ5፣ 900 ነው። ሲካፈል 2.69 ገደማ ይመጣል። ከ2.67 በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ጉበት ሐኪም መላክ አለበት። ጠባሳው ሲከፋ ኤኤስቲ ከኤኤልቲ ይበልጣል፤ ፕሌትሌትም ቀስ እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱን ለየብቻው ካያችሁት አይታወቅም። አንድ ላይ ስታሰሏቸው ነው ብቅ የሚለው። አልትራሳውንዱም ቢሆን ስቡን ያሳይ ይሆናል እንጂ የጠባሳውን ደረጃ አይነግራችሁም። የሚገድለው ደግሞ ጠባሳው ነው።

"መሃል ላይ የሚቀሩትስ?" ይላሉ። አዎ፣ በታችኛው ወሰን በ1.3 እና በላይኛው በ2.67 መካከል የሚወድቁ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ሁለተኛ ምርመራ አለ። ፋይብሮስካን የጉበቱን ጥንካሬ ይለካል። ከ8 ኪሎፓስካል በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከ65 ዓመት በላይ ላሉት የታችኛው ወሰን 2 ይሆናል፤ ከ35 በታች ላሉት ፊብ-4 ደካማ ናት። ይህ ሁሉ በመመሪያዎች ላይ ሰፍሯል። በልቶ መጥቶ ፋይብሮስካን መነሳት ውጤቱን ከፍ እንደሚያደርግም ይታወቃል፤ መፍትሔው ሦስት ሰዓት መጾም ነው። ለዚህ ተብሎ ሰው በመርፌ አይወጋም።

ደግሞስ ማንን ወግታችሁ ትጨርሳላችሁ? በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ሲሶው ገደማ ጉበቱ ላይ ስብ አለበት። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ ናቸው። መርፌው ያማል፣ ያደማል፤ አልፎ አልፎም ይገድላል፣ ከ10 ሺህ ሰው አንድ ገደማ።

የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሬስሜቲሮምን ለዚህ በሽታ ሲፈቅድ፣ መድኃኒቱን ለማዘዝ ባዮፕሲ ግዴታ ነው አላለም። መድኃኒቱ የተፈተነባቸው 966 ሰዎች ግን ሙከራው ሲጀመር ናሙና ተወስዶባቸዋል፤ በ52ኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ። ሕክምና ላይ የማያስፈልግ መርፌ ሙከራ ላይ ለምን ግዴታ ይሆናል? እንዲህ ባሉ ሙከራዎች ስንት ሰው ጎኑን ተወግቶ "አታሟላም" ተብሎ ተመልሷል። ይህን ስቃይ ማስቀረት የሚችሉት ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው። እነሱ ግን መርፌውን የሚያነብ ማሽን ሲያጸድቁ ነው የምናየው።

የሰውነት መከላከያ የራሱን ጉበት የሚያጠቃበት በሽታ ወይም ሌላ ያልታወቀ ነገር ሲጠረጠር ባዮፕሲ ቦታ አለው። እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ለጉበት ስብ ግን የመጀመሪያው በር ሊሆን አይገባም፤ የሌሎች ምርመራዎች መመዘኛም እንዲሁ።

የአሜሪካው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 የጉበት ጥንካሬ ልኬት በሙከራዎች ላይ የባዮፕሲን ቦታ ይይዝ እንደሆን ለመገምገም የቀረበለትን ሐሳብ ተቀብሏል። ግምገማው ዓመታት እንዳይፈጅ እፈራለሁ። ላብራቶሪዎች ግን እስከዚያ የሚጠብቁት ነገር የለም። ስኳር ያለበት ሰው ደም ሲመረመር አራቱም ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ውስጥ ናቸው። ፊብ-4 ከነወሰኑ ከኤኤልቲው ሥር ይታተም። ሐኪሙም ከታችኛው ወሰን በላይ ሲያይ ታካሚውን "ኖርማል ነው" ብሎ አያሰናብተው።